የምክር ቤት ጥያቄና መልስን ለገበያ እንዴት እናንብበው? (የሳምንቱ ትምህርት)



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አልለጥፍም። ትምህርት ነው የያዝኩት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የግማሽ ዓመት ሪፖርት ወቅት ላይ ነን። ሚኒስትሮች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እየቀረቡ ስለ ንግድ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ነዳጅና መብራት ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። ማታ ላይ ከዚያ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ተቆርጦ በየግሩፑ ይዞራል። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ይጮሃል፦ «ሰማህ? ሚኒስትሩ እንዲህ ብለዋል። ልሽጥ ወይስ ልያዝ?»

ይህን ጥያቄ ያለ ኪሳራ ለመመለስ እኔ ራሴ አንዴ መክሰር ነበረብኝ። ከዚያ ልጀምር።

◾ የኔ ጥፋት

2017 ታህሳስ አጋማሽ ላይ ነው። ከነቀምቴ አካባቢ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር በቆሎ፣ 800 ኩንታል፣ አዳማ ላለ መኖ አምራች አገናኘሁ። ዋጋው አዳማ ደርሶ የሚራገፍበት ነው፣ ትራንስፖርቱ በሻጭ። ናፍጣ ያኔ በሊትር 90.28 ብር ነበር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ነዳጅ ይጨምራል ይባላል፣ መኪናውን አሁን እንያዘው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ የተቆረጠ ቪዲዮ አይቼ ነበር። አንድ ኃላፊ የነዳጅ ድጎማው «ደረጃ በደረጃ» እንደሚነሳ ሲያስረዱ። «ደረጃ በደረጃ» የምትለዋን ቃል እኔ «ለጊዜው የለም» ብዬ ተረጎምኳት። ለእሳቸውም «አይዞት፣ ቶሎ አይጨምርም፣ ጭነቱን ከገና በኋላ እናድርገው፣ መኪናም ይረክሳል» አልኳቸው።

ታህሳስ መጨረሻ ላይ ናፍጣ 98.98 ገባ። ቤንዚን ከ91.14 ወደ 101.47። ባለመኪናዎቹ በኩንታል 35 ብር ጨመሩ። 800 ኩንታል በ35 ብር፣ 28,000 ብር። የኔ ኮሚሽን በኩንታል 15 ብር፣ በጠቅላላ 12,000 ብር ነበር። እሱን ሙሉውን ሰጠሁ። ቀሪው 16,000 ብር ከገበሬው ኪስ ወጣ።

ሰብሳቢው አልተቆጡም። «ልጄ፣ የነገርከኝ የሰማኸውን ነው ወይስ እንዲሆን የፈለግከውን?» ብቻ አሉኝ። ይኼ ጽሑፍ ለእሳቸው የዘገየ መልስ ነው።

◾ 1. መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። በመሃል የአንድ ወር እረፍት አለው።

ይህ ለገበያ ሰው ምን ይጠቅማል? ቀን መቁጠሪያ ይሰጠናል። ሪፖርቶች በሩብ፣ በግማሽና በዘጠኝ ወር ይመጣሉ። የበጀት ክርክር ከሐምሌ 1 በፊት ያልቃል። ስለዚህ ጥር ላይ የሚሰጥ መልስ በአብዛኛው ስላለፈው ስድስት ወር ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚሰጥ መልስ ግን ስለሚመጣው ዓመት ገንዘብ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መስማት ስህተት ነው።

ሌላው አሠራሩ ነው። እኛ ጋ አባላት ተራ በተራ ብዙ ጥያቄ ያነሳሉ፣ ሚኒስትሩ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ከዚያ አንድ ላይ ይመልሳሉ። አሥር ጥያቄ ተጠይቆ ሰባቱ ሲመለስ፣ የቀሩትን ሦስት ማንም ልብ አይልም። ቪዲዮው የሚቆረጠው ደግሞ ከተመለሰው ላይ ነው።

የኔ ዘዴ ቀላል ነው። ወረቀት ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ ጥያቄዎቹን በሙሉ፣ በቀኝ መልሶቹን። በመጨረሻ የምመለከተው በቀኝ በኩል ባዶ የቀረውን መስመር ነው። የቡና አቅራቢዎች ክፍያ ዘገየ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ስለ ቡና ኤክስፖርት ዕድገት ብቻ ከተመለሰ፣ የክፍያው ጉዳይ ገና አልተፈታም ብዬ እይዛለሁ። አቅራቢ ደንበኛዬን «ዱቤ አታብዛ» እለዋለሁ።

◾ 2. ግሡን ስሙት

የአማርኛ ግሥ ብዙ ይደብቃል፣ ብዙም ይናገራል። ዓመታት የሰበሰብኳቸውን ይኸው።

👉 «ሥራ ላይ ውሏል»፦ አልቋል። የሚቀረው ከመቼ ጀምሮ የሚለው ብቻ ነው።

👉 «ጸድቋል»፦ ማን ነው ያጸደቀው? ምክር ቤቱ ከሆነ አዋጅ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከሆነ ደንብ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ገና ወደ ምክር ቤት የሚመራ ረቂቅ አዋጅ። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው።

👉 «አቅጣጫ ተቀምጧል»፦ በመንግሥት ውስጥ ሐሳቡ አለ፣ ወረቀት ግን የለም። ዋጋ አይቀየርበትም፣ ነገር ግን ዓይን ይጣልበታል።

👉 «እየተሠራ ነው»፣ «በሂደት ላይ ነው»፦ ቀን የለውም። ቀን የሌለው ነገር ላይ ውል አይታሰርም።

👉 «በጥናት ላይ ነው»፦ በዚህ የምርት ዘመን አትጠብቁት።

👉 «ደረጃ በደረጃ»፦ እኔን ያከሰረችኝ ይቺ ናት። ውሳኔው አልቋል፣ ያልተነገረው ቀኑ ብቻ ነው ማለት ነው። «ደረጃ በደረጃ» ስትሰሙ ጭማሪው ነገ ሊመጣ እንደሚችል አድርጋችሁ ሒሳብ ሥሩ።

👉 «ትኩረት ተሰጥቶታል»፦ ጨዋነት ነው። እናመሰግናለን ብሎ ማለፍ።

👉 «ይህ የክልሎች ድርሻ ነው»፣ «የሚመለከተው ሌላ ተቋም ነው»፦ ኳሱ ሄዷል። ወደ ማን እንደሄደ ጻፉና እዚያ ተከታተሉ። ኬላ ላይ የሚቆም የእህል መኪና ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ የፌዴራሉ «አልከለከልንም» ይላል፣ መኪናው ግን ቆሟል።

◾ 3. ቁጥሩን ፈቱት

ሚኒስትሮች በቁጥር ሲመልሱ ደስ ይላል፣ ግን ቁጥሩ እንደ ጀንፈል ነው፣ ሳይፈለፈል አይሸጥም። በእውነተኛ ምሳሌ እንሥራው።

በ2016 በጀት ዓመት ከቡና 1.43 ቢሊዮን ዶላር ተገኘ፣ መጠኑ 298,500 ቶን ገደማ። በ2017 በጀት ዓመት 2.65 ቢሊዮን ዶላር፣ መጠኑ 469,000 ቶን ገደማ። ሪከርድ ነው፣ ማንም አይክደውም።

አሁን እንፈልፍለው።

ገቢው ያደገው 85 በመቶ ነው። መጠኑ ያደገው 57 በመቶ። ታዲያ ዋጋው? ገቢውን ለመጠኑ ስናካፍል፣ በ2016 በኪሎ 4.79 ዶላር፣ በ2017 በኪሎ 5.65 ዶላር ይመጣል። ስለዚህ በዶላር የአማካይ ዋጋ ጭማሪው 18 በመቶ ነው። በፈረሱላ (17 ኪሎ) ብትሉት ከ81 ዶላር ወደ 96 ዶላር።

ልብ በሉ፤ 2017 የኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ታሪክ የሠራበት ዓመት ነው። ዓለም ያን ያህል ጮሆ የኛ አማካይ በ18 በመቶ ብቻ ማደጉ ብዙ ነገር ይነግረናል። ከፊሉ ውል ቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ ስለታሰረ፣ ከፊሉ ደግሞ የምንልከው የደረጃ ስብጥር ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ሊሆን ይችላል። «ገቢው 85 በመቶ አደገ» የሚለውን ብቻ የሰማ ገበሬ ግን «የኔም ዋጋ 85 በመቶ ማደግ ነበረበት» ብሎ ይከፋል። አቅራቢውም በዚያው ስሌት እሸት ቡና ይገዛና ዕዳ ውስጥ ይገባል።

አሁን ብሩን እንጨምር። እስከ 2016 ሐምሌ አጋማሽ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ 2017ን ሙሉ እየጨመረ ሄዶ ዓመቱ ሲያልቅ 130ዎቹ ውስጥ ገብቷል። ለስሌት ያህል የዓመቱን መካከለኛ 120 እንያዝ። 4.79 ዶላር በ57 ብር 273 ብር ነው። 5.65 ዶላር በ120 ብር 678 ብር ነው። በብር ሲታይ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ሆነ። ከዚህ ውስጥ የቡናው ዋጋ ድርሻ 18 በመቶዋ ናት፣ ቀሪውን የገፋው ምንዛሪው ነው።

ስለዚህ ሪፖርት ላይ ዶላር ሲጠራ እናንተ ሦስት ነገር ለዩ፦ መጠን፣ ዋጋ፣ ምንዛሪ። ለላኪው ሦስቱም ይጠቅማሉ። ለገበሬው መጠኑ የአገር ዜና ነው፣ ኪሱ የሚገባው ዋጋና ምንዛሪው ነው።

«የዕቅዱን ይህን ያህል በመቶ አሳክተናል» ሲባል ደግሞ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ዕቅዱ ስንት ነበር? ያለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ ስንት ነበር? ዕቅዱ ዝቅ ብሎ ከተያዘ 100 በመቶ ማሳካት ገበያው ደህና ነው ማለት አይደለም።

◾ 4. ኢነርጂ፦ ዋጋ ሲጠየቅ አቅርቦት ስሙ

ወደ በቆሏችን እንመለስ። ከከሰርኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት።

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ገደማ። ደርሶ መልስ 860። ተሳቢ መኪና በአማካይ በመቶ ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ይበላል ብንል 387 ሊትር። የናፍጣ ጭማሪው በሊትር 8.70 ብር ነበር። ሲባዛ 3,367 ብር። ተሳቢው 400 ኩንታል ይጭናል፣ ስለዚህ በኩንታል 8 ብር ከ40 ሳንቲም።

ባለመኪናዎቹ የጨመሩት ግን 35 ብር ነው! ቀሪው 26 ብር ከ60 ከየት መጣ?

አንድ ሾፌር ነው ያስረዳኝ። «ወንድሜ፣ ጭማሪ ሲወራ ማደያው ይደርቃል። ሁለት ቀን ሰልፍ ቆሜ ነው የምቀዳው። ካጣሁ በጀሪካን በሌላ ዋጋ ነው። ያቺን ሁለት ቀን ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። ልክ ነው። በታሪፍ ላይ የተጻፈው ዋጋና መኪናው ታንከር ውስጥ የሚገባው ዋጋ አንድ አይደሉም።

ከዚህ የተማርኩት፦ ስለ ነዳጅ ጥያቄ ሲነሳ ዋጋው ከሚመለሰው መልስ ይልቅ ስለ አቅርቦት የሚመለሰውን መስማት። ስንት ቀን የሚበቃ ክምችት አለ? ከጅቡቲ የሚገባው እየተስተካከለ ነው? ለእርሻና ለምርት ማጓጓዣ ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር አለ? የትራንስፖርት ዋጋችሁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

መብራትስ? እዚህ ላይ ሁለት ተቋም እንደሚቀላቀል አያለሁ። የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለደንበኛ አከፋፍሎ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ኩራት ነው። ነገር ግን የእናንተ ማበጠሪያ ቆሞ የሚያድረው ትራንስፎርመር ስለተቃጠለ ወይም መስመሩ ስላረጀ ከሆነ፣ ስለ ማመንጨት የተሰጠ መልስ የእናንተ መልስ አይደለም። ስለ ማከፋፈያ የተባለውን ፈልጉ።

ታሪፉን በተመለከተ ደግሞ ሚኒስትር መጠበቅ አያስፈልግም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት እንዲሄድ የተወሰነ ነው። ማበጠሪያ ወይም ወፍጮ ያለው ሰው የዓመቱን ወጪ ሲያሰላ አራት ጭማሪ አስቀድሞ ማስገባት አለበት። በየሦስት ወሩ «ድንገት ጨመረብኝ» የሚል ሰው ሒሳብ አልሠራም ማለት ነው።

◾ 5. ጤና፦ ብዙ ነጋዴ የሚዘለው ክፍል

የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት ሲቀርብ ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ነጋዴ አውቃለሁ። እኔ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው ወባ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም እንደተመዘገበ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከበረቱባቸው ክልሎች አንዷ ኦሮሚያ ነበረች። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታህሳስ ነው። እሸት ቡና የሚለቀመውስ? ያው በዚያው ወቅት።

ለቃሚ ሲታመም ቀዩ ቡና ዛፍ ላይ ይቆያል። የቆየው እየደረቀ ለጀንፈል ይሆናል እንጂ ለማጠቢያ አይሆንም። የሚገኙት ጥቂት ለቃሚዎች ደግሞ የቀን ዋጋቸው ይወደዳል። ስለዚህ በመስከረምና ጥቅምት ስለ ወባ መድኃኒትና አጎበር ሥርጭት የሚሰጥ መልስ፣ ለታጠበ ቡና ላኪ የምርት ትንበያ ነው። «አጎበር ተሰራጭቷል» ከተባለ በየትኛው ወረዳ? የምትገዙበት ወረዳ ውስጥ ካልሆነ፣ ማጠቢያ ጣቢያችሁ ባሰበው መጠን ላይሠራ ይችላል፤ የታጠበ ቡና ውል ከማብዛታችሁ በፊት አስቡበት።

ሁለተኛው ከጃፓን ጋር የተያያዘ ነው። ትልልቆቹ ላኪዎች ያስታውሱታል። በፈረንጆቹ 2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ጃፓን ከ2006 ጀምሮ የተለየ ገደብ ያልወጣለትን ኬሚካል በሙሉ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ላይ ነው የምትይዘው። ያኔ ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷ የነበረችው አገር ግዢዋን ክፉኛ ቀነሰች። ገበሬያችን ቡና ላይ መድኃኒት እንደማይረጭ ሁላችን እናውቃለን። ጥርጣሬው ያመለከተው ወደ ጆንያውና ወደ ማከማቻው ነበር።

የቡናው ጥራት ምንም አልጎደለም፣ የጎደለው የአያያዝ ጥንቃቄ ነው። ቤት ውስጥ ለወባ መከላከያ የሚረጭ ኬሚካል፣ ለእህል ተባይ የሚደረግ መድኃኒት፣ የነዚህ ማከማቻና የቡና መጋዘን መቀላቀል የለባቸውም። ስለዚህ የኬሚካል ርጭት ዘመቻ በሚመለከት ጥያቄ ምክር ቤት ውስጥ ሲነሳ፣ የማኅበራት መጋዘን ኃላፊዎች ጆሮ መስጠት አለባችሁ። ርጭት በሚደረግበት ሳምንት ቤት ውስጥ ያለ ጀንፈል ይውጣ። ጆንያ አዲስ ይሁን። ይህን ለማድረግ የማንም መመሪያ አያስፈልግም።

ቅመም ላይ ላላችሁም እንዲሁ ነው። አውሮፓ ኅብረት በርበሬ፣ ዝንጅብልና እርድ ላይ አፍላቶክሲን ቢ 1ን በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም፣ ጠቅላላውን 10 ላይ ይዞታል። «የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር እየተጠናከረ ነው» የሚል መልስ ስትሰሙ የመጀመሪያ ሥራችሁ ምርቱ መሬት ላይ ነው ወይስ ሸራ ላይ የሚሰጣው የሚለውን ማየት ነው።

◾ 6. ንግድ፦ የሌላ አገር ምክር ቤትም ይጠየቃል

የኛ ሚኒስትሮች ብቻ አይደሉም ዋጋችንን የሚነኩት። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ነፃ የሆነ ምርት ሕግን ውሰዱ። ከታህሳስ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አይገባም የሚለው ነው። የማሳ መገኛ ነጥብ ይጠየቃል፣ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያ ወሰኑ።

ሕጉ በ2023 ሰኔ ጸና። በ2024 መጨረሻ ሥራ ላይ ይውላል ተብሎ አንድ ዓመት ተራዘመ። በ2025 ታህሳስ እንደገና ተራዘመ፤ ለትልልቅና መካከለኛ ኩባንያዎች ወደ ታህሳስ 30 ቀን 2026፣ ለአነስተኛና ጥቃቅን ወደ ሰኔ 30 ቀን 2027። (ቀኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በየመሃሉ እዚያም እንደኛው ኮሚሽነሮች በፓርላማ ተጠይቀዋል፣ መልሰዋል፣ ወሬውም እየተቆረጠ እኛ ጋ ደርሷል። «ይራዘማል» ሲባል የማሳ ምዝገባ ያቆሙ ዩኒየኖች አሉ። «አይራዘምም» ሲባል ደንግጠው ቡናቸውን ባገኙት ዋጋ የሸጡም አሉ። ሁለቱም በወሬ ነው የሠሩት። ምዝገባቸውን ዝም ብለው የቀጠሉት ግን ዛሬ ገዢ ፊት ሲቀርቡ የሚያሳዩት ካርታ አላቸው። ገዢው ሕጉ እስኪጸና አይጠብቅም፣ ቀድሞ ነው የሚጠይቀው።

◾ 7. ከመልሱ በኋላ ወረቀቱን ፈልጉ

ሚኒስትር ምክር ቤት ውስጥ የተናገሩት በራሱ ሕግ አይሆንም። ሕግ የሚሆነው አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ሆኖ ሲወጣ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባል አለ፣ ብዙ ነጋዴ አያውቀውም። በዚህ አዋጅ መሠረት ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለአስተያየት ማቅረብ፣ ማስመዝገብና ድረ ገጽ ላይ ማውጣት አለባቸው።

«መመሪያ እየተዘጋጀ ነው» ሲባል እንግዲህ ሁለት ነገር አላችሁ። አንደኛ፣ ዛሬ የሚሠራው የድሮው መመሪያ ነው፣ ውላችሁንም በእሱ ነው የምታስሩት። ሁለተኛ፣ ረቂቁ ለአስተያየት ሲቀርብ የመናገር መብት አላችሁ። ዩኒየኖች ይህን በር ካልተጠቀማችሁበት በኋላ «ሳንጠየቅ ወጣብን» ማለት አይቻልም።

◾ 8. የእናንተን ጥያቄ ማን ይጠይቅላችሁ?

የወረዳችሁ ሰው ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። በአንድ ወሩ እረፍት ወደ መራጩ ይመጣል። ብዙ ዩኒየን ያኔ ሻይ አፍልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሸኛል። እኔ የምመክረው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

«የነዳጅ ችግር ይታይልን» ብላችሁ ከጻፋችሁ «ትኩረት ተሰጥቶታል» የሚል መልስ ይመጣል፣ ጥያቄውም ያልቃል። እንዲህ ብትጽፉትስ? «ከኅዳር 1 እስከ 30 የማኅበራችን መኪኖች በአማካይ ስንት ቀን ማደያ ቆሙ፣ በዚህም ስንት ኩንታል በቆሎ ዘገየ። ለምርት ማጓጓዣ የተለየ የሥርጭት አሠራር ከመቼ ጀምሮ ይኖራል?» ቁጥር ያለው፣ ቀን የሚጠይቅ፣ ባለቤት ያለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይሸኝም። ለንግድና ለግብርና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴዎችም ቅጂውን ላኩ፤ ሪፖርቱ በዝርዝር የሚመረመረው እዚያ ነው።

◾ ማጠቃለያ፦ ከመሸጣችሁ ወይም ከመያዛችሁ በፊት አምስት ጥያቄ

1. የተጠየቀው ምን ነበር? የተመለሰው እሱን ነው?
2. ግሡ ምን ይላል? አልቋል፣ ሊመጣ ነው፣ ወይስ ምኞት ነው?
3. ቁጥሩ መጠን ነው፣ ዋጋ ነው፣ ወይስ ምንዛሪ?
4. የሚያስፈጽመው ተቋም የትኛው ነው?
5. ወረቀቱ ወጥቷል? ከመቼ ጀምሮ?

ከአምስቱ ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ፣ በዚያ ዜና ላይ ተመሥርታችሁ ዋጋ አትቀይሩ። ዋጋችሁን ከቦታው ገበያ፣ ከኒው ዮርክና ከመኪና ኪራይ አውጡ።

ሰብሳቢው ዘንድሮም በቆሎ አላቸው። በቀደም ደወሉልኝ። «ደግሞ ምን ሰማህ?» አሉኝ እየሳቁ። «ጋሼ፣ የሰማሁትን ልንገሮት፣ ግን ወረቀቱን አላየሁም። መኪናውን ዛሬ እንያዘው፣ ውሉ ላይም ናፍጣ ከጨመረ ልዩነቱን ገዢና ሻጭ እኩል እንዲከፍሉ እናስገባ» አልኳቸው። ገዢውም ትንሽ አንገራግሮ ተስማማ።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት የሚተላለፈውን አንድ የምክር ቤት ውሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት፣ ቪዲዮ ቁራጭ አይቆጠርም። ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉ። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረባችሁን መስመር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እናየዋለን።

ነገ ጠዋት ወደ ዋጋ ዝርዝራችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ!